አቤቱታውን ማን ጻፈው?

ሰውየው ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ገባ። ነሐሴ 2012 ነበር፤ የኮሮና ጊዜ። ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አድርጎ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በመልክ የማውቀው ሰው ነው። አንዳንዴ ኮፒ ሊያስደርግ ይመጣል። ስለ ዝናቡ አወራን። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም እንደለበሰ ነበር። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር «ያቺን አቤቱታ ማን ነው ያስጻፋት? ኮምፒውተርህን ክፈትልኝማ፣ አይቼ ልሂድ» አለኝ።

ከፈትኩለት።

አልጮኸብኝም፣ አላስፈራራኝም። ወረቀት አልያዘም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደሴ ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የሰርግ ጥሪ እጽፋለሁ። ከሁሉም የሚበዛው ግን አቤቱታ ነው። አቤቱታ የሚያስጽፍ ሰው ከጉዳዩ አይጀምርም። ከአባቱ ይጀምራል። ቦታውን ማን እንደሰጣቸው፣ ድንበሩ የት ጋ እንደነበር፣ የትኛው ባሕር ዛፍ እንደተቆረጠ። እኔ እያዳመጥኩ «ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ ይሆናል» ብዬ እጀምራለሁ። አንዳንዱ እያወራ ያለቅሳል። ሰው ለንስሐ አባቱ ወይም ለሸሁ የሚነግረውን ለእኔ ይነግረኛል።

ያን አቤቱታ ያስጻፉት ስድሳን ያለፉ እናት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ጉዳዩ የዘጠኝ አባወራ ነው። ካርታ ለማውጣት ሦስት ዓመት ተመላልሰዋል። ነገ ተመለሱ፣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ሲስተም የለም። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ገንዘብ ጠየቃቸው። ስማቸውን መጻፍ ስለፈሩ ማመልከቻው «የአካባቢው ነዋሪዎች» ተብሎ እንዲያልቅ ተስማማን። አንዱን በወረቀት፣ አንዱን በሶፍት ኮፒ በቴሌግራም ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ላኩት።

የበላዩ መሥሪያ ቤት «ለሚመለከተው» ብሎ ሸኚ ደብዳቤ ጽፎ ወደ ታች መራው። የሚመለከተው ማለት ደግሞ ራሱ ቅሬታ የቀረበበት መሥሪያ ቤት ነው። ሶፍት ኮፒውም አብሮ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ብዙ ጊዜ ክፋት እንኳ የለበትም፤ ልማድ ነው። አቤት ባዩን አሳልፎ የሚሰጠው ግን ይሄው ልማድ ነው።

እኔ ጋ እንዴት ደረሱ? የወርድ ፋይል ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ የሚለውን የከፈተ ሰው የጸሐፊውን ስም ያያል። የእኔ ፋይሎች ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ የሱቄን ስም ይዘዋል። ኦፊስ ስጭን ራሴ ነኝ የሞላሁት። የተጻፈበት ቀንና ሰዓትም አለ። ወረቀቱ ላይ አንድም ስም የለም፤ ፋይሉ ውስጥ ግን የሱቄ አድራሻ ተቀምጧል ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ እኔ ጋ ነበር። ደንበኛ ሲመለስ ፋይሉን ቶሎ እንዳገኝለት በስሙና በስልክ ቁጥሩ ነበር ሴቭ የማደርገው። ሰውየው ፋይሉን እንኳ አልከፈተም። የፋይሉን ስም አነበበ፣ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ «በል ሰላም ዋል» ብሎ ወጣ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እማማ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ሌላ ማመልከቻ ጻፍልኝ። ፋይልዎ የለም አሉኝ» አሉ። የስምንቱ ጎረቤቶቻቸው ፋይል አለ፣ የእሳቸው ብቻ ጠፍቷል። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ነገርኳቸው፤ ሁሉንም። «አፉ ይበሉኝ እማማ» አልኩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ውጭ አዩ።

«አማና ነበር እኮ ልጄ» አሉ።

ትንሽ ቆይተው «አፉ ብያለሁ» ብለው ተነሡ። ቡና አልጠጡም።

አማና አደራ ማለት ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። የሰው ከብት አማና ከተሰጠህ የራስህን ትተህ እሱን ትጠብቃለህ። እኔ ደግሞ የሰው ምስጢር ይዤ «ፋይል ነው» እያልኩ ነበር የማስበው።

ጡረታ የወጡ የሕግ ባለሙያ ደንበኛ አሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ማታ ቤታቸው ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሕገ መንግሥቱን አውጥተው አንቀጽ 26ን አስነበቡኝ። ሰው በግል የሚጽፈውና የሚጻጻፈው፣ በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። ቀጥለው አንቀጽ 30ን ገለጡ። ስለ ስብሰባና ስለ ሰላማዊ ሰልፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አቤቱታ የማቅረብ መብትም እዚያው ውስጥ አለ። ሥልጣንን አላግባብ መገልገል ደግሞ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ወንጀል ነው።

«ታዲያ ሕጉ ይህን ካለ ለምን እንዲህ ሆነ?» አልኳቸው። «ከልካይ ስላላጋጠመው ነዋ» አሉኝ። ቀበሌ በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ሲቋቋም ወጣት ነበሩ። መዝገቡ ሲጀመር ለቤትና ለኪራይ እንደነበር፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ግን ቤት ለቤት ለሚደረገው አሰሳ እንደዋለ ነገሩኝ። «ዝርዝር ለምን እንደተሠራ አትይ፤ ነገ ማን እጅ እንደሚገባ ነው የምታየው። ያኔ መዝገቡ ቀበሌ ነበር። አሁን አንተ ኮምፒውተር ውስጥ ነው» አሉኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግሥቱ ሱቁን ዘግቼ ኮምፒውተሩን መመርመር ጀመርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አላጠፋሁም። የፍቺ ስምምነት አለ፣ የሕክምና ማስረጃ አለ፣ የሞተ ሰው ውርስ አለ። የቴሌግራም ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ከሺህ በላይ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ነበር። ሰው «ፕሪንት አድርግልኝ» ብሎ ይልካል፣ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ፎቶው እኔ ጋ ይቀራል።

ዲሊት ማድረግ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ሪሳይክል ቢንን ባዶ ብታደርገውም ዊንዶውስ የሚያጠፋው የፋይሉን አድራሻ እንጂ ፋይሉን አይደለም። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ይመለሳል። ሞከርኩት፤ የሁለት ዓመት ፋይል ተመለሰልኝ፣ ደነገጥኩ። ሳይፈር የሚባል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ትዕዛዝ አለ። ባዶውን የዲስክ ክፍል ደጋግሞ ይጽፍበታል። ሲሠራ አደረ። ይህ የሚያስተማምነው በድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ከሆነ ከመጀመሪያው ዲስኩን በሙሉ በይለፍ ቃል መቆለፍ ይሻላል። ቬራክሪፕት የሚባለው ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ደግሞ ቢትሎከርን መጠቀም ይችላል።

ወርድ ላይ የጸሐፊውን ስም አጠፋሁ። ሶፍት ኮፒ ከመላኬ በፊት ፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን መረጃ ኢንስፔክት ዶኪዩመንት በሚለው አጸዳለሁ። ቴሌግራም ላይ የሱቁ ቻት በአንድ ቀን ራሱን እንዲያጠፋ አደረግኩ። ስለ ፕሪንተርም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። አንዳንድ ከለር ሌዘር ፕሪንተሮች በዓይን የማይታዩ ቢጫ ነጥቦች ወረቀቱ ላይ ይረጫሉ። ነጥቦቹ የማሽኑን መለያ ቁጥርና የታተመበትን ጊዜ ይናገራሉ። አቤቱታን በጥቁርና ነጭ ማተም የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ጥቅሙ የገባኝ በ2014 ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸሁ። ከተማዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትለቀቅ ተመለስኩ። የሱቁ በር ተገንጥሏል፣ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም የሉም። ለንብረቱ አዘንኩ። ግን ስምንት ዓመት የሰበሰብኩት የሰው ጉድ አብሮ ቢሄድ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለአንድ ዓመት ገደማ ቆየ። ሰው ሁሉ በፍላሽ መምጣት ጀመረ። ኢንተርኔት መዝጋት ዜና መከልከል ብቻ ይመስለን ይሆናል። ሰውን በእጅ ወደሚነካ፣ ወደሚያዝ፣ ወደሚፈተሽ ዕቃ መግፋትም ነው። ፍላሽ ኪስ ውስጥ ይገኛል። እኔ ግን ከዚያ አንድ ልማድ አገኘሁ፦ ጽሑፉን የምጽፈው በቀጥታ ደንበኛው ፍላሽ ላይ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሴቭ አላደርግም። ቅጂው ባለቤቱ ጋ ይቀራል።

በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሲወጣ አነበብኩት። የሰው ዳታ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም እንዳይያዝ ያዛል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሁን ሰው የፋይዳ መታወቂያውን ፕሪንት ለማስደረግ ሲልክልኝ ያንን አስባለሁ። ሰው ባለበት ሁሉ ኮፒ ቤት አለ፤ ስንቱ ኮፒ ቤት የስንቱን ፎቶ፣ የትውልድ ቀንና ባለ 12 አሐዝ ቁጥር እንደያዘ ሳስብ እረፍት አይሰጠኝም።

በ2017 ሁለተኛው ጉብኝት መጣ። አሁን ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሌሎች። ወጣቶች ስለ መሸጫ ሼድ ድልድል ያስጻፉትን አቤቱታ ፈልገው ነው። «ማን እንደሆኑ ብቻ ንገረን» አሉ። ልቤ ይመታል። ጎረቤቴን ባለሻይ ቤቷን «ሦስት ሻይ አምጪልን» ብዬ ጠራኋት። ሻይ ፈልጌ አይደለም፤ ሌላ ጆሮ እንዲኖር ነው።

«ደብዳቤ ይዛችኋል?» አልኳቸው።

«ለዚህች ደግሞ ደብዳቤ?» አለ አንዱ።

«ማን እንደጠየቀ፣ ምን እንደጠየቀ፣ በየትኛው ሕግ እንደሆነ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ። ፖሊስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይዞ ከመጣ ደግሞ እኔው ራሴ እከፍታለሁ።»

«አንተ ሰው፣ ንግድ ፈቃድህን አትወደውም እንዴ?» አለ ሁለተኛው። ባለሻይዋ ትሪውን ይዛ ቆማ ነበር። አየቻቸው። ሻዩን ሳይጠጡ ወጡ። ወዲያው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል በቃል ደብተር ላይ ጻፍኩ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ዋጋ አላስከፈለኝም ማለት አልችልም። ፈቃዴን ለማደስ ስሄድ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ተባልኩ። እኔም የዘገየበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ማመልከቻ አስገብቼ በቅጂዬ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመታሁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት እንዳለበትም ጠቀስኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ታደሰልኝ። ያ ቁጥርና ማኅተም ያለው ቅጂ ባይኖረኝ ዛሬም እየተመላለስኩ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለሌሎች ባለ ኮፒ ቤቶች ደጋግሜ እላለሁ። እኔ የማጠፋው ሥራው እንዳለቀ፣ በየቀኑ፣ የሁሉንም ሰው ነው። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከመጣ በኋላ ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ እሱን አላደርግም፣ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም።

የእማማ ጉዳይ እንዴት ሆነ? «ፋይልዎ የለም» ሲሏቸው እሳቸው ግን ነበራቸው። ያስገቡትን እያንዳንዱን ወረቀት ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘዋል። በ2014 ስንሸሽ ልብስ እንኳ በቅጡ ሳይዙ፣ ሰነዱን በፌስታል ጠቅልለው በመቀነታቸው ታጥቀው ወጥተዋል። ስንመለስ ያን ይዘን አብረን ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት አልን። በቃልም ቅሬታ ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። ፋይሉ ከእሳቸው ቅጂ እንደ አዲስ ተደራጀ። ካርታው በ2015 ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ለልጅ ልጃቸው ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። ጽፌ ፕሪንት አደረግኩ። ፍላሹን ከመንቀሌ በፊት ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ፊደል ብዙም አይለዩም፤ ግን ጎንበስ ብለው አዩ።

«እዚህ ምንም አልቀረም?»

«ምንም አልቀረም እማማ።»

ፍላሹን ተቀብለው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ ወንበሩን ሳቡና «በል ቡናውን አስመጣ» አሉኝ።