የሌለው እግር

ማታ ከሥራ ስመለስ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊፍት ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ተገናኘን። ያ ግዙፍ ሮትዋይለር ውሻዋ በሦስት እግሩ ቆሟል። ግራ የኋላ እግሩ ከታፋው ላይ ተቆርጧል።

«የአጥንት ካንሰር» አለችኝ።

«ታዲያ ዳነ?» (አፌን ቁርጥ ያርገው!)

አልዳነም። ይሄ በሽታ ሲታወቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሳንባ ተሻግሯል። እግር ብቻ ቢቆረጥ ውሻው የሚኖረው በአማካይ ከ4 እስከ 5 ወር፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሲታከልበት ደግሞ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ቆረጣው ሕመሙ እንዲቆምለት ነው።

አገር ቤት እያለሁ «ለውሻ ኬሞ» ብባል እስቅ ነበር።

ጆሮውን በላው መሰል፣ የቀረችው ጉቶ ቶሎ ቶሎ ተርገበገበች። በሌለ እግሩ ሊያክ! እሷ ወሬዋን ሳታቋርጥ ጎንበስ ብላ አከከችለት።

እኔ ፎቄን አልፌ ወጣሁ።