ሩት ካናል ሲደገም

«ነርቩ ወጥቶ የለ እንዴ? ታዲያ ለምን ያመኛል?» ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ አጽድቶ የመሙላት ሕክምና) የተሠራለት ጥርስ እንደገና ሲያስቸግር ታካሚዎቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህን ነው። ልክ ናቸው። ሕመሙ ግን ከጥርሱ ውስጥ አይደለም የሚመጣው። ውስጡ የቀረው ወይም በኋላ የገባው ባክቴሪያ በሥሩ ጫፍ በኩል ዙሪያውን ያለውን አጥንት ስለሚያስቆጣ ነው። ስለዚህ «እንድገመው» ከማለቴ በፊት የመጀመሪያው ለምን እንዳልያዘ ማወቅ አለብኝ።

አንዳንዴ መልሱ ቀላል ነው። ጊዜያዊ ሙሌቱ ወራት ቆይቶ ተሸርፏል፣ ምራቅ ገብቷል። አንዳንዴ ግን ጭራሽ ያልተነካ ቦይ፣ ማለትም በሥሩ ውስጥ ያለ ቀጭን የነርቭ መተላለፊያ፣ አለ። የላይኛውን የመጀመሪያ ትልቅ መንጋጋ ውሰዱ። ሥሩ ሦስት ነው፤ ቦዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው። አራተኛው በጉንጭ በኩል ባለው የፊተኛ ሥር ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ በተለመደው ራጅ ከጎረቤቱ ጋር ስለሚደራረብ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በማይክሮስኮፕ እያየሁ የጥርሱን ውስጠኛ ወለል በቀጭን የአልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚንቀጠቀጥ) ጫፍ ቀስ እያልኩ ስፍቀው፣ ከዋናው ቦይ ወደ ላንቃ የሚሄድ ስስ መስመር ብቅ ይላል። እዚያ መስመር ላይ 10 ቁጥር ፋይል (ቦይ የምናጸዳበት ቀጭን መርፌ መሰል መሣሪያ)፣ ጫፉ 0.10 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው፣ ድንገት ያዝ ሲያደርግ ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ደስታው ልዩ ነው።

አሮጌውን ሙሌት ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቦዩ የተሞላበት ጉታ ፐርቻ የሚባለው ሮዝ ነገር በሙቀት ይለሰልሳል። የላይኛውን ክፍል በሙቀት ወይም በሚሽከረከር ፋይል አወጣለሁ። ማሟሚያ ፈሳሽ በጣም ጥቂት ነው የምጠቀመው፤ ሲበዛ ጉታ ፐርቻው ቀልጦ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ማጽዳቱን ያከብደዋል። ጫፉ አካባቢ ሄድስትሮም የሚባለውን የእጅ ፋይል ሙሌቱ ውስጥ አሽከርክሬ አስገባና ወደ ውጭ እስበዋለሁ፤ ሲቀናኝ ሙሌቱ እንዳለ ተያይዞ ይወጣል። ወደ ታች መግፋት ግን ክልክል ነው። ቆሻሻው ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ሰውየው ሌሊቱን በሕመም ያድራል።

ከዚያ እጥበቱ። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የሞተውን ሥጋም ያሟሟል፤ 17% ኢዲቲኤ የሚባለው ፈሳሽ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ብናኝ ያነሳል። ሃይፖክሎራይት በረኪና ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ስለሆነ፣ ጥርሱ ላይ የሚወጠረው ራበር ዳም የሚባለው የጎማ ሽፋን ከሌለ ሥራውን አልጀምርም። መግል ካለ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን መድኃኒት ቦዩ ውስጥ አድርጌ ለሌላ ቀን እቀጥራለሁ።

ፖስት (የጥርሱን የላይኛ ክፍል እንዲይዝ ሥሩ ውስጥ የተተከለ ዘንግ) ካለ በአልትራሶኒክ እያንቀጠቀጥኩ ነው የማላቅቀው፣ ውሃ እየፈሰሰበት፤ ያለበለዚያ ሙቀቱ አጥንቱን ይጎዳል። ተሰብሮ የቀረ ፋይልስ? ሰው ሲሰማ ይደነግጣል፤ ግን ሁሌ መውጣት የለበትም። በጎኑ ማለፍ ከቻልኩ አልፌው አጸዳለሁ፤ እሱን ለማውጣት ብዬ ሥሩን ማሳሳት አልወድም።

ሥሩ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ግን መድገሙ አይጠቅምም። በአንድ ጎን ብቻ በድዱና በጥርሱ መካከል ጠባብና ጥልቅ ኪስ ስናገኝ የምንጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ ከተረጋገጠ ይነቀላል።

የተደገመላችሁ ሰዎች፣ ክራውኑን (ጥርሱን የሚሸፍነውን ቆብ) አታዘግዩት። ለ6 ወርና ለዓመት የክትትል ራጅም ተመለሱ፣ ባያማችሁም። በሥሩ ጫፍ የነበረው ጥላ ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው፤ አንዳንዱ እስከ 4 ዓመት ይወስዳል።