የጥር ፈረስ፦ ከዓባይ በረሃ እስከ እንጅባራ ሜዳ

ፈረስ ሲጋልብ ማየት የምትወዱና በዓመት አንዴ ብቻ ወደ ጎጃም ብቅ ማለት የምትችሉ ከሆነ ጥርን ምረጡ። አዝመራው ተወቅቶ ገብቷል፤ ፈረሱ የሚቀጥለው እርሻ እስኪደርስ ከማሳው ላይ ቅሪት ሲግጥ ሰንብቶ ጎኑ ሞልቷል፤ የክረምቱ ጭቃ ከሜዳው ጠፍቷል፤ ሠርጉና ንግሡ ተደራርቧል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ጨዋታውም ስለሚቆም ጊዜው ጠባብ ነው።

ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ ነው። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድና ሲመለስ ፈረሰኛ ያጅባል፤ ሰፊ ሜዳ ባለበት አጥቢያም ግልቢያውና ጉግሱ ይደራል። ጥር 18 የጊዮርጊስ ነው፣ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ ነው። በዓሉ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል፤ ቀኑም የተመረጠው ወር በገባ 23 የጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነና የዓድዋም ድል የተገኘው በዚሁ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ስለሆነ ነው። ሰባት ቤት አገው ከሚባለው የአዊ ሕዝብ የተውጣጣ ፈረሰኛ በአንድ ሜዳ የሚሰበሰብበት ቀን በመሆኑ ብዛቱን ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። ፈረሱን ከቅርብ ለማየት ደግሞ የገጠሩ ንግሥ ይበልጣል፤ ሕዝቡ ስለሚያንስ ባለፈረሱን ማነጋገር፣ ኮርቻውን ሲጭን ማየት ይቻላል። ሳምንት ያለው ሰው ጥር 21ን አንድ ገጠር ውሎ ጥር 23ን እንጅባራ ቢገኝ ሁለቱንም ያገኛል።

ከሁሉ በፊት ግን መንገዱን አጣሩ። ባለፉት ዓመታት በነበረው የጸጥታ ችግር መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ በዓልም እንደየዓመቱ ሁኔታ ሊደምቅም ሊቀዘቅዝም ይችላል። ደብረ ማርቆስ አንድ፣ እንጅባራ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ በዋዜማው ደውሉ፣ ጠዋት ሳትነሱም ድገሙ። የሚሰጧችሁ መልስ የሚያመነታ ከሆነ አትሂዱ። ፈረሱ ለከርሞም አለ፤ የከርሞ ሰው ይበለን።

አዲስ አበባን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለቆ መውጣት ይበቃል። የሱሉልታን ሜዳ አልፋችሁ ወደ ፍቼ ስትቃረቡ ሰላሌ ላይ ናችሁ፤ ጥሩ የመጋለቢያ ፈረስ በማውጣት የታወቀ አገር ስለሆነ በመንገዱ ዳር ለሚያልፈው ፈረስ ዓይን ስጡ። ረዘም ያለ አንገትና ቀጥ ያለ እግር ታያላችሁ፤ በኋላ ከአዊው (ከእንጅባራ አካባቢው) ፈረስ ጋር ለማነጻጸር ይረዳችኋል።

ጎሃ ጽዮን 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቁሙና ውኃ፣ ዘይት፣ ጎማ እዩ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር አካባቢ ወርዳችሁ ተመልሳችሁ ትወጣላችሁ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ቦታ ቦታውን እንደ ማዕበል ተጣጥፏል፤ በፍጥነት ከገባችሁበት መኪናው መሪ አይሰማም። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ውረዱ። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል መርገጫው ወደ ታች ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ዳር ያዙና ቢያንስ 20 ደቂቃ አቁሙ፤ ጎማው ላይ ውኃ አታፍስሱ፣ የጋለው የፍሬን ዲስክ ሊጣመም ይችላል። ዓባይን የምትሻገሩት በ2000 ዓ.ም በተመረቀው ድልድይ ነው፤ አሮጌው አጠገቡ ቆሟል። ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየውን መርፌ ተከታተሉ። ከፍ ማለት ከጀመረ የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ከሞተሩ ሙቀት ይስባል። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ ከቶ አትንኩ።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው፤ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ፤ ግማሽ ቀርቶኛል ብሎ ማለፍ በዚህ መስመር አያዋጣም። ቡሬ የነቀምቱ መንገድ የሚገናኝበት ስለሆነ ከባድ መኪና ይበዛል። ከቲሊሊ አልፋችሁ የዘንገና ሐይቅን ስታገኙ ደርሳችኋል፤ እንጅባራ ከአዲስ አበባ 445 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጥር 23 አልጋ ቀድሞ ስለሚያልቅ ሳምንት ቀድማችሁ ያዙ። ካጣችሁ ዳንግላ ወይም ቡሬ አድሩ፤ ሁለቱም ከ40 ኪሎ ሜትር አይርቁም። ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነ የጥር ሌሊት ውርጭ ነው። ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላልና ሰፊ ባርኔጣ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ምግቡ የጾም ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጾመ ነነዌም ጥር መጨረሻ ላይ ይውላል።

አሁን ወደ ሜዳው። ብዙ ተመልካች የሚስተው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ፈረሱንና ጌጡን ያያል፣ መሬቱን አያይም። የጎጃም ፈረስ ጫማ አይደረግለትም፤ በገዛ ኮቴው ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ግማሹን ጨዋታ የሚወስነው አፈሩ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሜዳውን ዙሩት። ተረከዛችሁን መሬቱ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ። ግማሽ ጣት ያህል ከገባ ደግ ነው፤ ኮቴ ይይዛል፣ እግርም አይጎዳም። እንደ አስፋልት መልሶ ከመታችሁ የኮቴ ጠርዝ ይሸራረፋል፣ ፈረሱም ሁለት ሦስቴ ከጋለበ በኋላ እርምጃውን ያሳጥራል። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ትቢያ ከሆነ ደግሞ ፈረሱ ቶሎ ይደክማል፣ ከኋላ የሚመጣውም ፈረሰኛ ምንም አያይም። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛና ውርጭ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያንሸራትታል፤ ጠዋት ላይ የሚወድቁት ፈረሶች የሚወድቁት ቀጥ ብለው ሲሮጡ ሳይሆን ሲታጠፉ ነው።

ረፋዱ ላይ ያልተነካ ሣር ላይ ይሮጣሉ። እኩለ ቀን ሲደርስ የሜዳው መካከል ተልጦ ቀይ አፈሩ ይወጣል። ያኔ የነቃውን ፈረሰኛ ትለዩታላችሁ፤ ፈረሱን ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ዳር አውጥቶ ሣር የቀረበትን መስመር ይይዛል። ሌላው መካከሉን ይዞ አቧራ ሲውጥ እሱ ኮቴው ይዞለት ያልፋል።

ፈረሱ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ጀርባው ላይ ሲለካ 1.30 ሜትር አካባቢ። አዊ ውስጥ ፈረስ ይጫናል፣ ይጋለባል፣ ደግሞም ያርሳል፤ ጥር 23 አጊጦ ያያችሁት ፈረስ የበልጉና የክረምቱ እርሻ ሲመጣ ከቀንበር በታች ነው። ለዚህ ነው ደረቱ ሰፊ፣ ዳሌው ወፍራም የሆነው። ለረጅም ሩጫ የሰላሌው ይሻል ይሆናል፤ ተነስቶ በሃምሳ ሜትር ውስጥ ሽምጥ ለመግባትና ድንገት ለመዞር ግን የእርሻ ፈረስ ዳሌ ያለው ይበልጣል።

አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ ኮርቻ ሲጫን እዩ። ግላሱ ሳይጨማደድ ጀርባው ላይ ይነጠፋል፤ አንዲት እጥፋት ካለች ማታ ቁስል ትሆናለች። ቀጥሎ ኮርቻው ከመቀመጫው ትንሽ ወደ ፊት ይቀመጥና ወደ ኋላ ይሳባል፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ እንዲተኛ። ከዚያ በሆዱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ፈረስ አየር ስቦ ሆዱን ይነፋል። አዋቂው አንዴ ያጠብቅና ፈረሱን 10 ደቂቃ ያህል ያንሸራሽረዋል፤ ትንፋሹን ሲለቅ ጠፍሩ ይላላል፣ ያኔ ደግሞ ያጠብቃል። ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ከሆነ በቂ ነው። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የዘለለ ሰው ሜዳው ጫፍ ላይ ሲዞር ኮርቻው ወደ ጎን ይዞራል፣ እሱም ከኮርቻው ጋር።

ልጓሙንም እዩ። ፈረሱ አፉን ከፍቶ ራሱን ወደ ላይ የሚወረውር ከሆነ ዛቡ (የልጓሙ መሳቢያ) ከመጠን በላይ እየተሳበ ነው፤ ምላሱንና መንጋጋውን እያመመው ነው። እንዲህ ያለ ፈረስ ፊቱን ስለማያይ ሰው ላይ ይወጣል። ሲራመድ በየእርምጃው ራሱን የሚነቀንቅ ፈረስ ካያችሁ ደግሞ ያነክሳል፤ ራሱ ወደ ላይ ሲል መሬት የነካው የፊት እግር ነው የታመመው። ለባለቤቱ ቀስ ብላችሁ ንገሩት። «አባቴ፣ የፊት ግራ እግሩን ቢያዩት» ብሎ በአክብሮት የሚናገርን ሰው የሚቆጣ ባለፈረስ ብርቅ ነው።

ሰው የሚሰበሰበው ለሽምጥ ግልቢያው ነው፤ እኔ ግን ስግሪያውን አታሳልፉት እላለሁ። ሰጋር ሲሄድ እግሮቹ በየተራ ስለሚያርፉ ጀርባው አይዘልም። ዳኝነቱ ቀላል ነው፤ የፈረሱን እግር ትታችሁ የጋላቢውን ትከሻ እዩ። ትከሻው ሳይናጥ ፍጥነቱ ከጨመረ ፈረሱ ሰጋር ነው፤ መዝለል ከጀመረ ወደ ሶምሶማ ገብቷል።

ጉግስ ሌላ ጥበብ ነው። አንዱ ወገን ጋሻ ይዞ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርራል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። አባራሪው ዘንጉን የሚወረውረው ፈረሱ በሚነሳበት ቅጽበት ነው፤ በሚያርፍበት ጊዜ ከወረወረ ክንዱ ይወርድና ዘንጉ የሸሺውን ፈረስ ዳሌ ይመታል፣ ይህም ነውር ነው። ሸሺው ወደ ኋላ ዞር ብሎ እያየ ጋሻውን በትከሻው ላይ ይመልሳል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ጎን ይለጠፋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚባለው እዚህ ሜዳ ላይ ይታያል፤ ፈጣን ፈረስ ይዞ ወደ ኋላ ማየት የማይችል ፈረሰኛ ይመታል፣ ዘገም ባለ ፈረስ ላይ ያለ አዋቂ ደግሞ ዘንጉን ሁሉ በጋሻው ሲመልስ ይውላል።

የት እንቁም ለሚል ሰው፤ ሽምጥ የገባ ፈረስ በሰከንድ ከ11 ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ገመድም አጥርም በብዙ ሜዳ የለም። የሜዳው ሁለት ጫፎች በጣም አደገኞች ናቸው፣ ፈረስ ከእጅ የሚወጣው ለመዞር ሲል ነውና። በርዝመቱ መካከል፣ ከመስመሩ ቢያንስ 15 ሜትር ርቃችሁ፣ ከፍ ያለ መሬት ካለ እሱ ላይ ቁሙ። ከቆመ ፈረስ ኋላ 3 ሜትር ውስጥ አትለፉ። ጃንጥላ ድንገት አትክፈቱ፤ በእኔ እምነት ሜዳ ላይ ከእልልታና ከተኩስ ይልቅ ፈረስ የሚያስበረግገው ይህ ነው። መኪናችሁን ርቃችሁ አቁሙ፣ ጥሩምባ አትንፉ።

ለፎቶ፣ የጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታጋድል ከሜዳው ደቡብ ብትቆሙ ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይሆናል። ነፋሱ አቧራውን ወደዚያ የሚያመጣ ከሆነ ግን ነፋሱን ምረጡ፣ ፀሐዩን ተዉት፤ አቧራ የገባበት ካሜራ ምንም አያነሳም። ሻተሩን 1/1000 አድርጉ፤ በስልክ ከሆነ ተከታታይ ማንሻውን ተጠቀሙ። ሌንስ ሜዳ ላይ አትቀይሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፣ ፈረስንም ያስደነብራል።

ግልቢያው ሲያልቅ ቶሎ አትበተኑ። ጥሩ ባለፈረስ ያን ጊዜ ነው የሚታየው። ወርዶ ጠፍሩን በአንድ እርከን ያላላና ፈረሱን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያህል በእግሩ ይመራዋል። ጎኑ ላይ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ ዐርፎ የቆመ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ከሽምጥ ሲመለስ ከመቶ ሊያልፍ ይችላል። በሩብ ሰዓት ውስጥ በግልጽ ካልወረደ፣ ወይም ፈረሱ ጎኑን እያየ መሬት የሚጭር ከሆነ ሆድ ቁርጠት ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። ላብ ያጠመቀውን ፈረስ ዛፍ ላይ አስሮ ጠላ ቤት የሚገባ ሰው ፈረስ ባይዝ ይሻላል።

ማታ ከእንጅባራ አትውጡ። ፈረሰኛው ወደየወረዳው የሚመለሰው በዚያው አስፋልት ነው፣ ፈረስ ደግሞ የኋላ መብራት የለውም። በማግሥቱ ጠዋት የመኪናውን የአየር ፊልትሮ አውጥታችሁ አቧራውን አራግፉ፤ ታፍኖ ከሆነ ደጀን ቁልቁለት ሳትደርሱ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ነዳጅም ይበላል። ስኮርታውንና ክሪኩን እዩ። ዘግይታችሁ ከተነሳችሁ ደብረ ማርቆስ እደሩና ዓባይን በጠዋት ብርሃን ተሻገሩ።