ደልደል ያልሽ

ሐሙስ ሄርማታ ወጥቼ ነበር። የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ጠዋት ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ሽንኩርትና በርበሬዬን ከገዛሁ በኋላ ሰልባጅ ተራ ጎራ አልኩ። ባልገዛም ክምሩን ማገላበጥ እወዳለሁ።

አጠገቤ ሁለት ልጆች ነበሩ። ተማሪዎች ይመስሉኛል። አንደኛዋ አረንጓዴ ቀሚስ አንስታ ደረቷ ላይ ለክታ ይዛዋለች። ከቁልፎቹ አንዱ ወልቋል፤ የጎደለውን ቦታ በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። «ይሆነኛል?» ስትል ሰማሁ። ጓደኛዋ ሳትመልስ እኔ ገባሁበት።

«ውሰጂው የኔ ልጅ! እንዳንቺ ደልደል ላለች ሴት ነው የሚያምረው» አልኳት።

ከልቤ ነው ያልኩት። ልጅቷ ቆንጆ ናት።

ፊቷ ወዲያው ተለዋወጠ። ቀሚሱን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፤ ከዚያ ከክምሩ ስር ከተተችው። ጓደኛዋ «ማዘር፣ ማን ጠየቀዎት?» አለችኝ። ተያይዘው ሄዱ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ከሰው መሃል ገብተዋል።

ማታ ለልጄ በስልክ ነገርኳት። አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። እስክጨርስ ሰማችኝና «እማ፣ ወፍራም ነሽ ነው ያልሻት» አለች።

«እንዴ! መቼ ወጣኝ?»

«እሷ የሰማችው እንደዚያ ነው። የሰው ሰውነት ላይ አስተያየት አይሰጥም፣ በቃ። ቀሚሱ ያምራል ብትያት ይበቃ ነበር።»

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደልደል ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?

እኔ ባደግኩበት ጊዜ ሰው ሲወፍር «ተመስገን» ነው የሚባለው። በ1977 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ድርቁ ከቀያቸው የነቀላቸው ሰዎች ለሰፈራ ሲመጡ አይቻለሁ። አንዲት እናት የመኪናውን ብረት ይዛ ስትወርድ የክንዷ አጥንት እስከነቅርጹ ይታይ ነበር። እስከዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ቆይቶ ደግሞ ያ በሽታ መጣ። ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ሰው ትንሽ ከሳ ካለ ሰፈሩ ይንሾካሾካል። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ስንት ጎረቤት ቀበርን። መድኃኒቱን ጀምራ ጉንጯ የሞላ አንዲት የሰፈሬን ሴት መንገድ ላይ አግኝቼ «ወፈርሽ እኮ!» ስላት አቅፋኝ አለቀሰች። የደስታ ለቅሶ ነበር። እኔ ቃሉን የማውቀው እንዲህ ነው።

ያቺ ልጅ ግን ያኔ አልተወለደችም። ይህን ከየት ታውቀዋለች? እሷ የምታየው ስልኳ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ወገቦች ይሆናል። ምናልባት ልጅ ሳለች «ዱባ» እያሉ ሲያስለቅሷት ኖረው ይሆናል። ቁስሏ የት እንዳለ ሳላውቅ እጄን አሳረፍኩበት።

ጋደም እንዳልኩ ያለፈው ሳምንት ነገር ትዝ አለኝ። እዚሁ ጅማ፣ ከመርካቶ ሰፈር ወደ አጂፕ በባጃጅ ስሄድ ነው። ሾፌሩ ገና ለጋ ልጅ ነው። ልወርድ ስል «ማዘር፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ጉልበትዎን እንዳያምዎት» አለኝ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ደሜ ፈላ። «ጉልበቴ ደህና ነው!» ብዬ ሂሳቡን ሰጥቼው ወረድኩ። በስፖኪዮው አየኝ። ግራ ገብቶታል። እናቱን እንደሚያወርድ ነበር ያሰበልኝ፤ እኔ ግን አሮጊት አለኝ ብዬ ነው የሰማሁት። ሐሙስ ዕለት ሽንኩርቴን ይዤ እነዚያን ልጆች በዓይኔ ስከተል ልክ እንደሱ ነበርኩ። ያን ልጅ ባገኘው ይቅርታ እለው ነበር።

የልጄን ምክር ግማሹን ተቀብያለሁ። ስለ ሰው ሰውነት አልናገርም። «ለማታውቂው ሰው ዝም በይ» ካለችኝ ግን አልችልም። እዚህ ሰው ሲያደናቅፈው «እኔን!» የሚለው ስሙን እንኳ የማያውቅ መንገደኛ ነው። ባጃጅ የገባ ሰው በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ ሰላም ሳይል አይቀመጥም። ባሌ የሞተ ሰሞን ሐውልት ተደግፌ ስቆም፣ አንዲት የማላውቃት እናት ትከሻዬን ነክታ «አይዞሽ ልጄ» ብላኝ አልፋለች። ማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም። እሷም ዝም ማለት ትችል ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ሰልባጅ ተራ ተመለስኩ። ክምሩን እስከ ታች ገለበጥኩት። አረንጓዴው ቀሚስ የለም። ቀሚሱን ማን እንደገዛው ሻጩን ልጅ ጠየቅኩት።

«ስንቱን ላስታውስ እማማ?» አለኝ።

እሷ በሆነች ብዬ እየተመኘሁ ወደ ሽንኩርት ተራ ሄድኩ።