የንዝረት ልኬት ልምምዴ፦ ከቁጥሩ ወደ ምክንያቱ

በምሠራበት የዱቄት ፋብሪካ የማሽኖችን ንዝረት በየሳምንቱ መለካት ከጀመርን ቆየን። እስካሁን የገባኝን ለጥገና ባለሙያ ጓደኞቼ ላካፍል።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲደርስ ነው አደጋ?» ብሎ ነው። ከ15 እስከ 75 ኪሎዋት ላሉ ሞተሮች አይኤስኦ 10816-1 በሚባለው ዓለም አቀፍ የንዝረት ደረጃ ሰንጠረዥ፣ የንዝረቱ ፍጥነት እስከ 1.12 ሚሊሜትር በሰከንድ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። እስከ 2.8 ያለ ስጋት ይሠራል። ከ7.1 በላይ ግን ጉዳት ያደርሳል። ይህን ደረጃ አሁን አይኤስኦ 20816 ተክቶታል።

እኔ ግን ከሰንጠረዡ ይልቅ የማሽኑን የራሱን ታሪክ አምናለሁ። ሁልጊዜ 1.0 የሚያሳይ ማሽን 2.2 ከገባ፣ ገና «ደህና» በሚባለው ክልል ውስጥ ቢሆንም አንድ ነገር ተለውጧል። ለዚህ ነው በኩሽኔታው (ዘንጉ በሚዞርበት ቤሪንግ) ቤት ላይ የምንለካበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያደረግነው። ወደ ጎን፣ ወደ ላይና በዘንጉ አቅጣጫ እንለካለን። ቦታው ወይም የማሽኑ ጭነት ከተቀየረ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ብዙ ያስተማረኝ ከአቧራ ማጣሪያው ቀጥሎ ያለው ትልቁ ማራገቢያ ነው። በደቂቃ 1480 ጊዜ ይዞራል፤ ይህ ወደ 25 ኸርዝ (በሰከንድ 25 ዙር) ገደማ ነው። ንዝረቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ስፔክትረሙን፣ ማለትም ንዝረቱን በፍሪኩዌንሲ ለያይቶ የሚያሳየውን ግራፍ አየን። ጎልቶ የወጣው ያችው 25 ብቻ ናት፤ ያውም ወደ ጎን እንጂ በዘንጉ አቅጣጫ አይደለም። ይህ የሚዛን መዛባት ምልክት ነው። የካፕሊንግ (የሁለቱ ዘንጎች መገናኛ) አሰላለፍ ችግር ቢሆን ኖሮ እጥፉ 50 ኸርዝ ላይና በዘንጉ አቅጣጫም መታየት ይጀምር ነበር። የላላ ብሎን ቢሆን ደግሞ በ25 ብዜቶች ላይ (50፣ 75፣ 100 እያለ) በግራፉ ብዙ ጫፎች ይደረደሩ ነበር። ማራገቢያውን ስንከፍት ክንፎቹ ላይ ዱቄት ተጋግሯል። ዱቄት እዚያ ምን ይሠራል? ማጣሪያውን አየን፤ አንዱ ከረጢት ተቀዷል። ክንፉን ብቻ ጠርገን ብንዘጋው ኖሮ ችግሩ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

አሁን የያዝኩት ትምህርት ኩሽኔታ ነው። ከበድ ይላል፤ ግን ደስ ይላል። ለምሳሌ 6205 የተባለው የኩሽኔታ ዓይነት በደቂቃ 1440 ዙር ሲሠራ የውጭ ቀለበቱ ከተቦረቦረ 86፣ የውስጡ ከሆነ 130 ኸርዝ አካባቢ ይታያል። 100 ኸርዝ ላይ ጫፍ ካያችሁ ግን ኩሽኔታ ነው ለማለት አትቸኩሉ፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እጥፉ 100 ከሞተሩ የኤሌክትሪክ ክፍል ሊመጣ ይችላል። ኃይሉን ስታጠፉ ጫፉ ወዲያው ከጠፋ ከኤሌክትሪክ ነው። ከዙሩ ጋር አብሮ ከወረደ ሜካኒካል ነው።

ሌላው ነገር፣ የኩሽኔታ ጉዳት ገና ሲጀምር በሚሊሜትር በሰከንድ መለኪያው ላይ ብዙም አይታይም። ቀድሞ የሚታየው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ በአክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጥ) ልኬት ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥሩ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ስለሚመጣ ቀድሞ ማወቅ ማለት ለመግዣ ጊዜ ማግኘት ማለት ነው። የአንዱ ማጓጓዣ ሞተር ኩሽኔታ አሁን 86 አካባቢ ምልክት እያሳየ ነው። አዲሱ ታዟል። እስኪመጣ በየቀኑ እንለካዋለን፤ ካልባሰበት ፋብሪካው ለፋሲካ ሲቆም ይቀየራል። አሮጌውን ቆርጠን ቀለበቱን እናያለን፤ ፎቶውን ከስፔክትረሙ ጋር አጋራችኋለሁ።