ዋሽንግተን ውስጥ ማን ምን እንደሚወስን ያወቅኩበት መንገድ

ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ገበያ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ መታገዷ የተነገረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2021 ነው። ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022። በመሃል ልክ 60 ቀን አለ። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ አንድን አገር ከማስወጣቱ በፊት ለኮንግረስ የ60 ቀን ማስታወቂያ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። እዚህ ሜሪላንድ በማውቃቸው ሐበሾች መካከል ስለዚህ ጉዳይ የሚያወራ አንድም ሰው አልሰማሁም። ወሬው ሁሉ «ብሊንከን (የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር) ለምን አይሰሙንም?» ነበር።

የአክስቴ ልጅ በዚያን ጊዜ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። በዚያው ወር የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አሳወቀ። ስልክ ደውላ «እናንተ እዚያ ያላችሁ ለማን ነው የምትናገሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነትም ለማን ነው የሚነገረው? ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ወደፊትም እወጣለሁ፣ ሰልፍ ዋጋ አለው። ግን ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ማን ነው? ለፈራሚው ወረቀቱን አዘጋጅቶ የሚያቀርበውስ? ይህን ለማወቅ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሕጉን አነበብኩ። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን የአጎዋ ሕግ ብዙም አያስፈራም። አንድ አገር ተጠቃሚ ለመሆን ማሟላት ያለበት ነገር ክፍል 104 ላይ ተዘርዝሯል፤ የገበያ ኢኮኖሚ፣ የሕግ የበላይነት፣ ድህነትን መቀነስ፣ ሙስናን መዋጋት፣ የሠራተኛ መብት፣ ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት አለመፈጸም፣ የአሜሪካን ብሔራዊ ደኅንነትና የውጭ ፖሊሲ ጥቅም አለመጉዳት። ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ እያንዳንዱን አገር በዚህ መለኪያ ይመዝናል። ለሱ ግምገማውን አስተባብሮ የሚያቀርብለት ደግሞ ስቴት ዲፓርትመንት (የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) ሳይሆን የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ቢሮ ነው። ስቴት ዲፓርትመንት ድምፅ አለው፣ ከባድ ድምፅ፣ ግን ጠረጴዛው የሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በ2021 በኢትዮጵያ ጉዳይ ከተወሰኑት ትልልቅ ውሳኔዎች እያንዳንዱ የተለያየ በር ነበረው። ሴፕቴምበር 17 የወጣው የማዕቀብ ትዕዛዝ፣ ቁጥሩ 14046፣ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ነው፤ የሚያስፈጽመው ግን በዋናነት የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነው። አጎዋ በንግድ ተወካዩ በኩል ያልፋል። የእርዳታ በጀት ኮንግረስ እጅ ነው። እኛ ግን ሦስቱንም ይዘን አንድ ሕንፃ ፊት ለፊት እንቆማለን።

ስለ ብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤትም ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ምክር ቤቱ የተቋቋመው በ1947 ነው። የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ በሴኔት አይጸድቅም፣ ፕሬዚዳንቱ ራሱ ይሾመዋል፣ ቢሮው እዚያው ዋይት ሀውስ ውስጥ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ግን በሴኔት ፊት ቀርቦ ተጠይቆ ነው የሚጸድቀው። ሁለቱን ወንበር አንድ ላይ የያዙ ሰዎችም አሉ፤ ኪሲንጀር ከ1973 እስከ 1975፣ በ2025 ደግሞ ማርኮ ሩቢዮ። አንድ ጉዳይ ብዙ መሥሪያ ቤት ሲነካ መጀመሪያ ዝቅ ያሉ ኃላፊዎች ይሰበሰቡበታል፣ ካልተስማሙ ወደ ምክትሎቹ ኮሚቴ ይወጣል፣ አሁንም ካልተፈታ ሚኒስትሮቹ ራሳቸው ይቀመጡበታል። እንደኔ እንደኔ ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ነገር ይሄ ነው፤ ጉዳዩ ላይኛው ደረጃ ሲደርስ አማራጮቹ ጠበው ነው የሚደርሱት። የሚጠብቡት ታች ነው። ታች ያለው የዴስክ ሠራተኛ፣ ማለትም የአንድን አገር ጉዳይ በየቀኑ የሚከታተለው ሰው፣ የማያውቀውን ነገር ሚኒስትሩ የማወቅ ዕድሉ ትንሽ ነው።

ሰው ላይ ብቻ መንጠልጠልም አያዋጣም። ለአፍሪካ ቀንድ ልዩ መልዕክተኛ ሆነው በ2021 ፌልትማን መጡ፣ በ2022 መጀመሪያ በሳተርፊልድ ተተኩ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ደግሞ ማይክ ሃመር። ከአንዱ ጋር ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ በሚቀጥለው ከዜሮ ጀመረ። ፋይሉ ግን እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ የሚገባ ነገር ለመጻፍ ወሰንኩ።

የንግድ ተወካዩ ቢሮ በየዓመቱ ስለ አጎዋ አገሮች የሕዝብ አስተያየት ይጠይቃል፣ ማስታወቂያውም የመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ በሆነው በፌደራል ሬጅስተር ይወጣል። አስተያየት ለመስጠት ኩባንያ ወይም ኤምባሲ መሆን አያስፈልግም። ማንም ሰው በኢንተርኔት ይልካል፣ የላከውም ለሕዝብ ይወጣል። ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ረቂቅ ስናዘጋጅ የመጀመሪያው ሐሳብ ስለ ዓድዋና በ1903 ስለተጀመረው የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት መጻፍ ነበር። ደስ ይላል፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ያንን ወረቀት የሚያነበው ሰው በክፍል 104 መልስ መስጠት ነው ሥራው። ስለዚህ መለኪያዎቹን አንድ በአንድ እየጠራን ጻፍን። ስለ ሠራተኛዋ ደመወዝ ጻፍን፣ የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ጻፍን። የሰብዓዊ መብቱን ጉዳይ ዘለን ማለፍ የሚፈልጉ ነበሩ፤ እኔ አልተስማማሁም። አገሪቱ የታገደችው በሱ ምክንያት ነው። እሱን ያልነካ ደብዳቤ ማንም አያምነውም፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የተጎዳው ሰው የኛው ሰው ነው። በመጨረሻ የደረሰው በደል መዝገብ ላይ እንዲሰፍርና ተጠያቂነት እንዲመጣ የሚጠይቅ አንቀጽ ገባበት።

ከሁሉ የሠራልን ግን ማዳጋስካር ነች። ማዳጋስካር ከ2009ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በ2010 ከአጎዋ ወጥታ በ2014 ተመልሳለች። ማለትም መመለሻ መንገድ አለ፣ የተሄደበትም ነው። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈን ወደ ኮንግረስ ተወካያችን ቢሮ ቀጠሮ ያዝን። ያገኘችን የውጭ ጉዳይ የምትከታተል ወጣት ሠራተኛ ናት። ክፍሉ በስብሰባ ተይዞ ስለነበር ኮሪደር ላይ ቆመን ነው የተነጋገርነው። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እዚያው አነበበችው፣ ማዳጋስካር የሚለው መስመር ሥር በእስክሪብቶ አሰመረች፣ ከዚያ «ያኔ ለመመለስ ምን ነበር የተጠየቁት?» አለችን። ስለ ምርጫና ወደ ሕገ መንግሥታዊ አስተዳደር ስለመመለስ የምናውቀውን ነገርናት፣ ጻፈችው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ እግር ሠራተኛ ሲያገኘው «አለቃው የለም እንዴ?» ይላል። አለቃው ስብሰባ ሲገባ የሚያነበውን ማስታወሻ የምትጽፈው እሷ ናት! አክብሮ ማናገር፣ ቃል የገቡላትን ሰነድ በማግስቱ መላክ፣ ከወር በኋላ ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።

ሌላው በር ሴኔት ነው። የአፍሪካ ጉዳይ የሚመለከተው ሹመት ሲቀርብ ተሿሚው የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ ፊት ይቀመጣል፤ ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ሰው ገብቶ ይቀመጣል። የሚገርመው ዋናው ነገር ከችሎቱ በኋላ መሆኑ ነው። ሴናተሮቹ ጥያቄ በጽሑፍ ይልካሉ፣ ተሿሚውም በጽሑፍ ይመልሳል፣ መልሱ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል። እኛ ያቀረብነው ስለ አጎዋ የመመለሻ መስፈርት የሚጠይቅ ሐሳብ በአንድ የኮሚቴ አባል ቢሮ በኩል ተስተካክሎ ተላከ። መልሱ አጭር ነው፣ ቃል አይገባም። ቢሆንም በጽሑፍ ነው፤ በሚቀጥለው ደብዳቤያችን ላይ ጠቅሰነዋል፣ በዚያም የተነሳ የሁለተኛው ስብሰባ ወሬ ከመግቢያው አልጀመረም።

ኢትዮጵያ ለ2023ም ለ2024ም አልተመለሰችም። ይህን መደበቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም «አንድ ደብዳቤ ጽፈን ፖሊሲ ቀየርን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ እንዳታምኑት ነው። የአክስቴ ልጅ ከሐዋሳ ወጥታ ወደ ቤተሰቦቿ ተመለሰች። አሁንም ስትደውል ትጠይቀኛለች፣ አሁን ግን የምነግራት ነገር አለኝ፤ ጉዳዩ የት ቢሮ እንዳለ፣ ቀጣዩ ግምገማ መቼ እንደሚጀመር፣ ማን ምን እንዳለ።

ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ተወካያችሁና ሁለቱ ሴናተሮቻችሁ የትኛው ኮሚቴ ላይ እንዳሉ እዩ። የውጭ ጉዳይ ላይ ካሉ ስለ ሹመትና ስለ ፖሊሲ ጠይቋቸው። ገንዘብ የሚመድበው ኮሚቴ (አፕሮፕሪዬሽንስ) ላይ ካሉ ስለ ገንዘቡ። የንግድ ሕግ በሚያወጡት ኮሚቴዎች ላይ ካሉ ደግሞ ስለ አጎዋ፣ ምክንያቱም ሕጉ የጊዜ ገደብ አለው፣ የሚያድሰውም ኮንግረስ ነው፤ በ2015 ለ10 ዓመት ያደሱት እነሱ ናቸው። ቀጠሮ ስትይዙ የዚፕ ኮዳችሁን መጀመሪያ ጻፉ። መራጭ መሆናችሁ ካልታወቀ ደብዳቤው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው።