ዝገት ለማየት በባቡር

ዛሬ ኦፍ ነበርኩ። ኒውዮርክ ካለው ከግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባቡር ያዝኩና የሀድሰንን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዤ ቢከን የምትባል ከተማ ወረድኩ። ዲያ ቢከን ድሮ የብስኩት ካርቶን ይታተምበት የነበረ ፋብሪካ ነው። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

የሄድኩት የአሜሪካዊውን ቀራፂ የሪቻርድ ሴራን የብረት ሥራዎች ለማየት ነው። ሰውዬው በተማሪነቱ ብረት ፋብሪካ ሠርቷል፤ ያረፈው በ2024 ነው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሳያቸው "ይሄ ላሜራ አይደል እንዴ?" አልኩ። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ፣ የዛገ። ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው።

ከዚያ ሞላላ ሆኖ በተጠማዘዘው ብረት ውስጥ ገባሁ። ግድግዳው ወደኔ ያጋድላል። ጥቂት እርምጃ ስሄድ ደግሞ ይሸሻል። ወለሉ ደልዳላ መሆኑን እያየሁ እግሬ አላመነውም። አንዱ ሞላላ በሌላው ውስጥ በቆመበት በድርቡ ሥራ ውስጥ መተላለፊያው ሲጠብ ሳላውቀው ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ድንገት መሃሉ ላይ ወጣሁ። ባዶ። ብረቱን ሁሉ ያቆመው ለዚህ ባዶ ቦታ ሲል ነው መሰለኝ። ብዙ ቆየሁ።

ዝገቱን ቀረብ ብዬ አየሁት። አንዱ ጋ የበርበሬ፣ ሌላው ጋ የተቆላ ቡና መልክ አለው። የዚህ ብረት ዝገት ራሱ ውስጡን ይጠብቅለታል። (እናቴ ብታየው ግን "ምነው ቀለም ቢቀቡት" ማለቷ አይቀርም።)

ፎቶ አንስቼ ነበር። ሁሉም የዛገ አጥር ይመስላል፣ አልለጥፍም።

ልወጣ ስል አንድ ሕፃን "ማሚ!" እያለ ሮጦ ገባ። ድምፁ ዞሮ ከጀርባዬ መጣ። ዘወር አልኩ። ማንም የለም።